ዕድሜ ልክ ወይስ አሥራ ሁለት ዓመት

ቦጂያ፦ እስክሪብቶውን መልስ!

ኤልያቄም፦ አልመልስም። የተሳሳተው ሣጥን ላይ ምልክት ልታደርግ ነው።

ቦጂያ፦ ፎርሙ የኔ፣ ሞቱ የኔ፤ አንተ ምን ቤት ነህ?

(እሑድ ጠዋት፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ደረጃው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር። ቦጂያ አብነት ሰፈር ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነው፤ ፎርሙን እንዳያቆሽሽ እጁን ሁለቴ በሳሙና ታጥቦ ነው የወረደው። ባለፈው ወር አብሮት የሚሠራ ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቦጂያ ሰባተኛ ክፍል የምትማረውን ልጁን ቢፍቱን ባየ ቁጥር «እኔ ብሞት ማን ያስተምራታል?» ይላል። የሕይወት ኢንሹራንስ የምትሸጠው ልጅ ፎርሙን ልትወስድ አምስት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ጎረቤቱ ኤልያቄም ደግሞ መንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይል ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ስለሆነ የማያውቀው ነገር የለም። እንደ እሱ አባባል ማለት ነው።)

ኤልያቄም፦ ስማኝ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የዕድሜ ልክ ነው።

ቦጂያ፦ እዚህ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ተቀምጠህ ዕድሜ ልክ አትበለኝ፤ ሰው ይሰማል።

ኤልያቄም፦ የዕድሜ ልክ ኢንሹራንስ! መቼም ሙት መቼ፣ ለቤተሰብህ ይከፈላል። ሌላው የተወሰነ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ብለህ ከገባህ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሞትክ ይከፍላሉ። ካልሞትክ የከፈልከውን ውኃ በላው።

ቦጂያ፦ ባለመሞቴ ነው የምከስረው?

ኤልያቄም፦ በገንዘብ ረገድ፣ አዎ።

ቦጂያ፦ አሥራ ሁለት ዓመቱ ባለቀ በማግስቱ ብሞትስ?

ኤልያቄም፦ ሰባራ ሳንቲም የለም።

ቦጂያ፦ አንድ ቀን አይታገሱም? እድራችን እንኳ ያረፈደን ሰው ቀጥቶ ያስገባል!

ኤልያቄም፦ ለዚህ እኮ ነው የዕድሜ ልኩ የሚሻልህ! እኔን እይ። በመጀመሪያ ደመወዜ ነው የገባሁት። ሃያ ስድስት ዓመት፣ አንድ ወር ሳላጓድል! ነገ ብደፋ ባለቤቴ ዕፀገነት ንግሥት ናት።

ቦጂያ፦ ክፍያው እኩል ነው?

ኤልያቄም፦ የዕድሜ ልኩ ትንሽ ከፍ ይላል።

ቦጂያ፦ ትንሽ ስትል?

ኤልያቄም፦ ሦስት... አራት እጥፍ ገደማ።

ቦጂያ፦ ከየት አምጥቼ? በሁለተኛው ዓመት ነው የማቋርጠው!

ኤልያቄም፦ ሰው ለሕይወቱ ይሰስታል?

ቦጂያ፦ የምከፍለው እኮ ለሞቴ ነው።

ኤልያቄም (በረጅሙ ተንፍሶ)፦ እሺ፣ መጀመሪያ ሌላ ሌላውን እንሙላ። አባትህ በምን ሞቱ?

ቦጂያ፦ ስብሰባ ላይ።

ኤልያቄም፦ በሽታውን ነው የሚጠይቀው።

ቦጂያ፦ ስብሰባውን ስላላየኸው ነው።

ኤልያቄም፦ «በድንገት» ብዬ ልጻፈው?

ቦጂያ፦ ምን በድንገት! ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ነው የቆየው።

(ኤልያቄም ቦታውን ባዶ ትቶ ያልፋል።)

ኤልያቄም፦ ተጠቃሚ። ብትሞት ገንዘቡን የሚወስደው ሰው ማለት ነው።

ቦጂያ፦ ቢፍቱ።

ኤልያቄም፦ እንዲህ በዘፈቀደ አይጻፍም! ሥርዓት አለው። የራሴን ላሳይህ። (ወደ ሁለተኛው ፎቅ ቀና ብሎ) ዕፀዬ! ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሰማያዊ ፋይል ወርውሪልኝ!

ዕፀገነት (ከበረንዳው)፦ ያንን ማንም እንዳይነካው የምትለውን? ጋሽ ቦጂያ፣ ይኸው ከተጋባን ሃያ ዓመታችን፤ እኔ አቧራውን ብቻ ነው የጠረግሁለት!

(ፋይሉ በፌስታል ተጠቅልሎ ይወርዳል። ቦጂያ ይቀልበውና ጣቱን በመስመሩ ላይ እየነዳ፣ ቀስ ብሎ ያነባል።)

ቦጂያ፦ «ተጠቃሚ፦ ወይዘሪት መቅደላዊት...»

ኤልያቄም፦ ምን?

ቦጂያ፦ «ዝምድና፦ እጮኛ።» የዕፀገነት የክርስትና ስም ነው እንዴ?

(ኤልያቄም ወረቀቱን ይነጥቀዋል። ቦጂያ በሥራው ብዙ የተነፈሰ የጎማ ከመነዳሪ አይቷል፤ እንደዚህ ፊት ባንዴ ሙሽሽ ያለ ግን አላጋጠመውም።)

ኤልያቄም (በሹክሹክታ)፦ ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን። ያኔ ስሟን የምጽፍበት ወረቀት ነበር የምፈልገው። ፎርም ሲሰጡኝ ጻፍኩት... ከዚያ በኋላ ገልጬው አላውቅም።

ቦጂያ፦ አሁን የት ናት?

ኤልያቄም፦ ሐዋሳ። ባልና ሦስት ልጆች አሏት።

ቦጂያ፦ ሃያ ስድስት ዓመት... አንድ ወር ሳታጓድል?

ኤልያቄም፦ ድምፅህን ቀንስ!

ዕፀገነት (ከበረንዳው)፦ ምን ይላል ጋሽ ቦጂያ? ስሜን አሳምሮ ጽፎታል?

(ቦጂያ ወደ ላይ ያያል፤ ሴትዮዋ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ፈገግ ብላለች። ወደ ጎን ያያል፤ ኤልያቄም ዓይኑን ጨፍኗል።)

ቦጂያ፦ የእጅ ጽሑፉ ግሩም ነው እትዬ ዕፀገነት! ከልቡ ነው የጻፈው!

(እስክሪብቶውን ከኤልያቄም ጣቶች መሀል መዝዞ ምልክት ያደርጋል።)

ኤልያቄም፦ የትኛውን ነው?

ቦጂያ፦ አሥራ ሁለት ዓመቱን። እስከዚያ ቢፍቱ ተመርቃ ሥራ ትይዛለች።

ኤልያቄም፦ ካልሞትክስ?

ቦጂያ፦ ካልሞትኩማ አለሁ! ጎማ እየለጠፍኩ አስተምራታለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ የማልኖርበት ቀን እንጂ የምኖርበት አይደለም።

(ከታች ባለው መስመር ላይ «ቢፍቱ ቦጂያ፣ ልጄ» ብሎ በትልልቁ ይጽፋል። ኤልያቄም ፊደሉን አንድ በአንድ ሲከተል ይቆያል፤ የሚያርመው ነገር አላገኘም።)

ኤልያቄም፦ ነገ በጠዋት ሄጄ አስለውጠዋለሁ።

ቦጂያ፦ ነገማ በዓል ነው። ዝግ ናቸው።

ኤልያቄም፦ እንግዲያስ ማክሰኞ! ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገና በሩ ሲከፈት!

ቦጂያ፦ አየህ፣ አንተም እንደኔ የተወሰነ ጊዜ ኢንሹራንስ ገባህ።

ኤልያቄም፦ እንዴት?

ቦጂያ (ብብቱ ሥር ይዞ ከወንበሩ እያነሣው)፦ ና፣ ደረጃውን ቀስ ብለህ ውጣ። እስከ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል መሞት አይፈቀድልህም።