ሽማግሌዎቼ ሲመጡ ጣሪያ ላይ ተጣብቄ ነበር

ይሄንን የምጽፍላችሁ በቀኝ በኩል ሹሩባ፣ በግራ በኩል ደግሞ... እሱን ቆይ እነግራችኋለሁ። ብቻ ቆማችሁ የምታነቡ ካላችሁ ቁጭ በሉ፣ ኋላ ትወድቃላችሁ!

ዛሬ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር።

አዎ! የዳዊት ሽማግሌዎች! ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቀን! ቀጠሮው ከቀኑ አስር ሰዓት።

ለማታውቁኝ፣ ትዕግስት እባላለሁ፤ እዚሁ አዳማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዳዊት እጮኛዬ ነው። እኔና እሱ በአንድ አሮጌ የፒካፕ ሻሲ ላይ የካምፒንግ ተሳቢ እየሠራን ነው። ሁለት ሰው የምታስተኛ፣ ከመኪና ኋላ የምትጎተት ሚጢጢ ቤት በሏት። ከሠርጉ በኋላ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ወደፈለግንበት! ሆቴል የለ፣ ሪዘርቬሽን የለ!

እማዬ "ጎማ ያላት ኪዮስክ" ነው የምትላት።

የቀራት ጣሪያ ብቻ ነበር። ኮምፔንሳቶው ተመቷል፤ ከላዩ አንድ ወጥ የአሉሚኒየም ላሜራ በማስቲሽ ማልበስ ነው። ማስቲሽን ታውቁታላችሁ አይደል? ሁለቱንም ወገን ትቀባላችሁ፣ ትንሽ ታደርቃላችሁ፣ ታገናኛላችሁ። አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም።

"ዛሬን እንኳን ተይው፤ ልብስሽን ቀይሪና ጓዳ ግቢ" አለችኝ እማዬ።

"እማ፣ እነሱ የሚመጡት አስር ሰዓት ነው። ገና ሰባት ነው እኮ!"

ስሜ ትዕግስት ነው ብያችኋለሁ። ስም ብቻ ነው!

ዳዊት እንዳያግዘኝ በሽማግሌ ቀን ደጃችን ዝር ማለት የለበትም፣ ነውር ነው። ስለዚህ የእሱን ቱታ ለበስኩና ብቻዬን መሰላሉን ወጣሁ። ፀጉሬን ደግሞ ትናንት አምስት ሰዓት ተቀምጬ ነው የተሠራሁት። እስከ ትከሻዬ የወረደ ሹሩባ፣ ኧረ ምን ልበላችሁ!

ላሜራውን ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ እያለበስኩ፣ በእጄ እየተጫንኩ ሄድኩ። ልስልስ ብሎ ተኛልኝ። በልቤ "አንቺ ልጅ እኮ ኢንጂነር ነሽ!" እያልኩ ነው።

ከዚያ ንፋስ መጣ።

የአዳማ ንፋስ! ዳገቱ ላይ ያንን ሁሉ የንፋስ ኃይል ማማ የተከሉት ለጌጥ መሰላችሁ? ገና ያልተጣበቀው ጫፍ እንደ ሸራ ተነፋ። ሊሄድብኝ ነው! በደረቴ ተወረወርኩበት። ማስቲሹ ተበላሽቶ እንደሆነ ልይ ብዬ አንገቴን ከሥሩ አስገባሁ።

ንፋሱ ቆመ።

ጧ!

ላሜራው ወረደ። የግራ ሹሩባዬን ይዞ!

ላሜራውን ላነሳ ሞከርኩ፣ እምቢ። ጭንቅላቴን ሳብኩ፣ ነፍሴ ልትወጣ! "እማ!" ብል እማዬ ጓዳ ናት፣ ሬዲዮኑ ይጮሃል።

የግቢያችን በር የተንኳኳው ይሄኔ ነው።

አስር ሰዓት የተባሉት ሽማግሌዎች በስምንት ሰዓት ከች!

ልብ በሉ፣ በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ አትታይም። እኔ ከግቢው ሁሉ ከፍ ብዬ፣ ቱታ ለብሼ፣ በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ በሆዴ ተዘርግቻለሁ። ከሳተላይት እታያለሁ!

አባዬ በሩን ከፈተ። ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ... እንዳላየ ሆነ!

"ግቡ፣ ግቡ፣ ወደ ቤት!" ይላል፣ በነጠላው ሊጋርደኝ እየሞከረ። ሁለቱ አለፉ። ሦስተኛው ግን ቆሙ።

ጋሽ ንጉሤ ይባላሉ፣ የዳዊት አባት ጓደኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባትላሜራ ነበሩ፤ የስንቱን የተጋጨ መኪና ጎድን ያቃኑ ሰው! እንዲህ ያለ ሰው ላሜራ አይቶ ያልፋል?

"ማነው እሱ?" አሉ ወደ እኔ እያዩ።

"ሠ... ሠራተኛ ነው" አለ አባዬ። አባቴ! ውሸት የሚባል የማያውቅ ሰውዬ!

"አንተ ልጅ! ላሜራው ወደ ግራ ጠሟል እኮ! አይታይህም?"

ምን ላድርግ? ድምፄን አወፈርኩ።

"እሺ ጋሼ፣ አስተካክላለሁ።"

ጉንፋን የያዘው በግ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ነበርኩ።

"ቆይ፣ እንዲህ አይደለም የሚያዘው" ብለው ኮታቸውን አወለቁና ለአባዬ አስያዙት። መሰላሉን ተያያዙት! አባዬ ከሥር "ጋሽ ንጉሤ፣ ይተዉት፣ በእግዜር!" ይላል። ማን ሰምቶት!

ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ፊቴን አዩ።

"አንቺ... የአቶ ተፈራ ልጅ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ" አልኩ፣ በራሴ ድምፅ። ከዚያ አለቀስኩ። የምሬን ነው። ሦስት ዓመት ጠብቄ በገዛ እጄ አበላሸሁት ብዬ ነው ያለቀስኩት። እንዲህ ሆና የተገኘች ሙሽራ ማን ይወስዳል?

እንባዬን አዩ፣ የተያዘውን ሹሩባ አዩ፣ ላሜራውን አዩ። መዳፋቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሄዱበት።

"ይሄን ሁሉ ብቻሽን ነው ያለበስሽው?"

"አዎ።"

በረንዳው ጋ ወደደረሱት ጓደኞቻቸው ዞሩ። "አንድ አረፋ የለውም! ጠሟል፣ አረፋ ግን የለውም!"

ከዚያ ሳቁ። መሰላሉ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ!

ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራ ገብቷቸው ከበረንዳው ተመለሱ። አባዬ ሲለማመደው የሰነበተውን ቃል ድንገት አወጣው፦ "እንግዲህ ከልጅቷ ጋር ተማክረን፣ በሁለት ሳምንት..."

"የምን ሁለት ሳምንት!" አሉ ጋሽ ንጉሤ ከላይ። "ልጅቷ እዚሁ ናት፣ የትም አትሄድም! ልጄ፣ ዳዊትን ትፈልጊዋለሽ?"

ጨዋ ልጅ እዚህ ጋ አቀርቅራ በትንሹ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ብነቀንቅ ቆዳዬ ተገሽልጦ ይቀራል!

ስለዚህ ጮህኩ።

"አዎ! እፈልገዋለሁ! መቀስ አምጡልኝ!"

ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በድንጋጤ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። "ማል ታቴ፣ ኢንታላ ኮ?" ምን ሆንሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ነገሩ ሲነገራቸው እልልታውን አቀለጡት፤ ከየቤቱ እልልታ መለሰላቸው። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን አልነበረም!

አራት ሹሩባ ሄደ። የቆረጡት ራሳቸው ጋሽ ንጉሤ ናቸው፣ ላሜራ እንደሚቆርጡ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ ሽማግሌነቱን ረስተው ጠርዙን በእንጨት መዶሻ ሲያጥፉልኝ ዋሉ። እማዬ ዶሮ ወጡን በጉርሻ መሰላል ላይ አደረሰችላቸው።

አመሻሽ ላይ ዳዊት ደወለ። ሁሉንም ሰምቷል። አስር ደቂቃ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጭንቀት፦

"ቲጂዬ... ላሜራው ግን አልተጫረም አይደል?"

ስለ ፀጉሬ አንድ ቃል! አንዲት ቃል አልጠየቀም!

እስቲ ፍረዱኝ፣ ሰፈር እስኪሰማ "እፈልገዋለሁ" ብዬ የጮህኩት ለዚህ ሰውዬ ነው?

(አልተጫረም። እኔም በመቀሱ እንደተላቀቅኩ መጀመሪያ ያየሁት ላሜራው መጫሩን ነው።)