በለስና የኪዳነ ጎፈሬ

ሳሚ፣ በጽሑፍ ያልመለስኩልህ ንቄህ አይደለም። አውራ ጣቴ ስልኩን ሲነካ ያመኛል። ለምን እንደሚያመኝ እነግርሃለሁ፤ አንተም ሳታቋርጠኝ ትሰማለህ፣ የድምጽ መልእክት ጥቅሙ ይሄ ነው።

እኔ ሰው አገር የሚያየው በዓይኑ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ነው። በዓይን ከሆነማ ስንቱን አገር አይቼ የለ? ጂማ ሄድኩ፣ ጥብስ በላሁ። ጎንደር ሄድኩ፣ ጥብስ። ሐረር፣ ጥብስ። ሆዴን አዲስ አበባ ትቼ እግሬን ብቻ ሳዞር ነው የኖርኩት። አንተ ነህ እንግዲህ "በክረምት መቀሌ ሄደህ በለስ ሳትበላ እንዳትመጣ" ያልከኝ። ብላ አልክ። እንዴት እንደሚበላ ግን ትንፍሽ አላልክም። መንገድ የሚጠቁም ሰው እኮ ጉድጓዱንም ይጠቁማል።

ስማኝ አሁን። መቀሌ የመጣሁት አንድ ክሊኒክ ውስጥ የነፍሰ ጡሮች ማያ አልትራሳውንድ ልጠግን ነው። አለቃዬ ሲልከኝ "ከሁለት ደንበኛ ጋር ተጣልተህብኛል። ይሄ ማሽን እስከ ሐሙስ ካልሠራ አትመለስ፣ እዛው ሥራ ፈልግ" አለኝ። ሐሙስ ደረሰ። ጠዋቱን ሙሉ ፈታትቼ ችግሩን አገኘሁት፤ የቀረኝ አንዲት ቀጭን ሽቦ በይዶ የምስር ፍሬ የሚያክሉ ብሎኖችን መልሶ ማሰር ነው። ኮሪደሩ ላይ ከውቅሮ በኩል የመጡ እርጉዞች ተደርድረዋል። እኔ ግን በቃ ጨርሻለሁ ብዬ ምሳ ወጣሁ። ትዕቢትና ረሃብ ሲገናኙ ደግ ነገር አይወልዱም።

ቀዳማይ ወያነ የሚባል ሰፈር መንገድ ዳር አደይ ለተብርሃን በለስ በባልዲ ይዘው ተቀምጠዋል። አደይ ማለት እዚህ እናቴ እንደማለት ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ተራህን ጠብቀህ ከፊታቸው ትቆማለህ፣ እሳቸው ልጣጩን በቢላ ሰንጥቀው ይከፍቱልሃል፣ አንተ ከመሐሉ ፍሬውን ብቻ አንስተህ ትጎርሳለህ። ከፊቴ አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ኪዳነ ይባላል፣ ስሙን ያወቅኩት በኋላ ነው፣ ጎፈሬው የጎጆ ክዳን የሚያክል። ይበላል፣ ያወራል፣ ደግሞ ይከፈትለታል። ዐሥር ቆጠርኩ። ዐሥራ አንድ። ደሜ ፈላ።

"አንተ ነህ የምትበላው ወይስ ጸጉርህም ለብቻው ተሰልፏል?" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝና "ቀስ በል ሓወይ፣ በለስ አይሮጥም" አለ።

ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው። ለተናደደ ሰው ግን ወንድሜም ስድብ ነው። እጄን ባልዲው ውስጥ ከተትኩ። አደይ ለተብርሃን "አይ ወደይ፣ አይ ልጄ፣ አይሆንም" ይላሉ፣ እኔ በሁለት እጄ እልጣለሁ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል አይደል የሚባለው? ቀንድ እንኳ በዓይን ይታያል። የበለስ እሾህ አይታይም፤ መኖሩን የምታውቀው ሲያቃጥልህ ነው። ዐሥሩም ጣቴ ላይ ተሰካ። እንኳን ብሎን፣ ማንኪያ አልይዝም።

እዛች ጋ ቁጣዬ ጠፋ፣ ሳሚ። አለቃዬ ታየኝ። ኮሪደሩ ላይ ወገባቸውን ይዘው የተቀመጡት ሴቶች ታዩኝ። "እናቴ፣ እኔ እንጀራዬ በእጄ ነው፣ የነፍሰ ጡሮቹን ማሽን ፈታትቼው ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

"አጆኻ፣ አይዞህ። ጣትህን ጸጉርህ ውስጥ እሽት እሽት አድርገው፣ ጸጉር ይነቅለዋል" አሉና ቀና ብለው አዩኝ። ራሴ እንደ እንቁላል ነው፤ በየሳምንቱ እንደምላጨው ታውቃለህ። የቆመው ሰው ሁሉ እኔን አየ። ከዚያ ባንድ ላይ ኪዳነን አየ።

ኪዳነ አፉ ውስጥ ያለችውን ቀስ ብሎ ዋጠ። "ጸጉሬ ገና ተሰልፏል" አለኝ፤ "ተራህን ጠብቅ።"

ጣቶቼን እንደዘረጋሁ ከኋላው ተሰለፍኩ። ያን ጊዜ ሰውየው ሳቀና ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። የሰደብኩት ጸጉር ውስጥ ዐሥር ጣቴን ከትቼ አሻለሁ፤ አደይ ለተብርሃን የቀረውን በጥፍራቸው እየነቀሉ ለአላፊ አግዳሚው ታሪኬን በትግርኛ ያወራሉ። ቃሉ አልገባኝም፣ ሳቁ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሲያበቃ ሦስት በለስ ከፍተው በእጃቸው አጎረሱኝ። ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ፣ ዘሩ ጥርስ መሐል ኮሽ ኮሽ የሚል። ኪዳነ ክሊኒኩ ድረስ በባጃጁ አደረሰኝ። "ጸጉርህስ?" ብዬ ስጠይቀው "እኔስ ያዘንኩት ለትራሴ ነው" አለ።

ማሽኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠራ። መጀመሪያ የገባችው ሴት የልጇ ልብ ሲመታ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ጣቶቼን አየኋቸው።

ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። እኔን ማንም አልጫነኝም። እኔ ነኝ እሾሄን የሰው ራስ ላይ የጫንኩት፤ ሰውየውም ተሸክሞልኝ ሄደ። አንተን ይቅር አልልህም፣ ግን አመሰግንሃለሁ።

አለቃዬ ሌሎች ማሽኖች ስላሉ እስከ መስከረም እዚሁ ቆይ ብሎኛል። ትናንት ሮማናት አካባቢ ጸጉር ቤት ገባሁ። አስተካካዩ ራሴን አረፋ ሊቀባ ሲል እጁን ያዝኩት። "ጢሜን ብቻ" አልኩት። በለስ ገና አላለቀም፤ አንድ ችኩል መምጣቱ አይቀርም።