የአቶ አዳሙ መድን

መቼም ለመሥሪያ ቤት ስም የሚያወጡ ሰዎች፣ ስሙን የሚያነበው ማን እንደሆነ አስበው የሚያውቁ አይመስለኝም። እናንተ «መድን» የሚል ሰሌዳ ብታዩ ስለ መኪናችሁ ታስቡ ይሆናል፤ መኪና ካላችሁ። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር የመድን ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤ ሳለ ግን፣ ቃሉ ከእኛ በፊት የቤተ ክርስቲያን እንደነበር ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ናቸው።

አቶ አዳሙ ይባላሉ። በልጅነታቸው ጣና ዳር ካለ ደብር ቅኔ ቆጥረው፣ ኋላ ሽመና የያዙ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት የቢሯችንን መቃን ተሳልመው ገቡ። ባልደረቦቼ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ያን ሰሞን የእጅ ሥራ ሸጠው የሚያድሩ ሰዎች ለዕቃቸው መድን እንዲገቡ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርን እንቀሰቅስ ነበር። እናም የለመድኩትን አነበነብኩላቸው፤ ከእሳት፣ ከሌባ፣ ከጎርፍ እያልኩ። በትዕግሥት አስጨረሱኝ።

«እኔስ ለልጄ ነው» አሉ። «ለብሔራዊ ውትድርና ተጽፏል። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ከሽመናው ጉድጓድ የሚገባው እሱ ነው። የምሸጠው ጋቢ ሁሉ የእሱ እጅ ነው።»

«አባቴ፣ እኛ የምንመዘግበው ዕቃ ነው» አልኳቸው።

«መድን ብላችሁ ጽፋችሁ የለም ወይ? መድኅን ማለት የሚያድን ማለት ነው። ሰሌዳውን አነበብሁና መጣሁ።»

ውሉን ገልብጬ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩላቸው፤ ጦርነት ላደረሰው ጉዳት አንጠየቅም ይላል። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ላለመመለስ ይሁን ለእኔ አዝነው ይሁን እንጃ፣ የሽመና ዕቃቸውን አስመዘገቡ። ሲወጡ መቃኑን አልተሳለሙም።

በዓመቱ ዕቃውን ለማየት እዚያው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሄድኩ። አቶ አዳሙ ጥቁር ለብሰው ተቀበሉኝ፤ የልጃቸው መርዶ ከተነገራቸው ሁለት ወር አልፏል። እንደዚያ ቀን ሥራዬን የጠላሁበት ጊዜ የለም። ጉድጓዱ ተጠርጓል። ድሩ እንደተወጠረ ነው፤ ልጁ የጀመረው ጋቢ እኩሌታው ላይ ቆሟል። መወርወሪያው ልጁ ካስቀመጠበት አልተነሣም፤ አባትየው በየቀኑ አቧራውን ያብሱለታል።

ቅጹ «የደረሰ ጉዳት ካለ ይገለጽ» ይላል። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ጻፍ እንጂ ልጄ» አሉ አቶ አዳሙ። «ዕቃው ደኅና ነው።»