ወደ ግራ የዞረው ስፌት

የሰው ቤት ገብቶ፣ የሰው ዕቃ አንስቶ፣ ቂጡን ገልብጦ ሳያይ የማይቀመጥ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለም። በዚህኛው ቤተሰብ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት አክስት ናቸው፤ የሰፈር ማዕረጋቸው «እትዬ ይታረም»። ቅርጫት መስፋት ከጀመሩ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸው። ስለዚህ ከሳር፣ ከሸክላም ሆነ ከእንጨት የተሠራ ነገር ሁሉ ተጠሪነቱ ለእሳቸው ነው።

ባንክ ቤት ፊርማ ሊያድሱ ሄደው የሥራ አስኪያጁን እስክሪብቶዎች ጠረጴዛው ላይ አራገፉበት፤ ማስቀመጫው የጨው ዕቃ ነው ብለው። ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው ሳሉ እንኳ ግድግዳው ላይ ያለው ምንጣፍ ተዘቅዝቆ መሰቀሉን በጣታቸው አሳዩ። ሐኪሙ ያመማቸው መስሎት ማደንዘዣ ጨመረላቸው።

የሚገርመው ግን የእሳቸው የራሳቸው ስፌት «ግልባጭ» ይባል ነበር። ሌላ ሰው ሲሰፋ ሳሩ ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የእሳቸው ወደ ግራ። እናታቸው በግራ እጇ ነበር የምትሰፋው፤ እሳቸውም ያንኑ አይተው ለመዱ። የሰፊዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ሦስት ጊዜ ቅርጫታቸውን ከኤግዚቢሽን መልሳባቸዋለች። በዚህ ነገር ብቻ አይከራከሩም። ቅርጫታቸውን አቅፈው ወደ ቤት።

የእህታቸው ልጅ ሙዚየም ውስጥ የቅርስ መዝጋቢ ናት። ከየመስታወቱ ሥር ያለውን መግለጫ የምትጽፈው እሷ በመሆኗ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ አክስቷን ከዚያ ለማራቅ ያላመጣችው ሰበብ የለም፦ እድሳት ላይ ነው፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ አቧራው ለጤና አይሆንም። አዲሱ አዳራሽ የተከፈተ ዕለት ግን አክስት ሳይጠሩ መጡ።

ሦስተኛው መስታወት ጋ ቆሙ። መግለጫው «የሳር ሳህን፤ ለፍራፍሬ ማቅረቢያ፤ ሠሪው ያልታወቀ» ይላል።

«ይታረም» አሉ። «ይሄ ክዳን ነው። ገልብጣችሁ ነው ያስቀመጣችሁት።»

መዝጋቢዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። የሙዚየሙ ኃላፊ መጥቶ፣ ዕቃው ከአንድ የውጭ አገር ሰው በስጦታ ተገኝቶ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ከሃምሳ ዓመት በላይ እንደሆነው በትሕትና አስረዳ። አክስት አልሰሙትም። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው የሳሩን መዞሪያ በዓይናቸው ተከተሉ።

«የእናቴ እጅ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ኃላፊው እንዲህ የሚል ጎብኚ በወር አንድ ሁለት እንደማይጠፋ በለሰለሰ አንደበት ነገራቸው። እሳቸውም ከቦርሳቸው የጀመሩትን ቅርጫት ከነወስፌው አወጡና ውስጡን ከክዳኑ ጎን አስጠጉት። የሁለቱም ሳር ወደ ግራ ይዞራል። ኃላፊው መጋዘን አስከፈተ። መዝጋቢዋ አርባ ሦስት ቅርጫትና ክዳን አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም ወደ ቀኝ።

ያኔ አክስት ወንበር ተሰጣቸውና ታሪኩን ተናገሩ። ልጅ ሳሉ አንድ የውጭ አገር መንገደኛ ቤታቸው መጣ፤ ክዳኑን አይቶ ሳህን መሰለውና ካልገዛሁ ብሎ ሙጭጭ አለ። እናታቸው ክዳን መሆኑን ብትነግረውም በቋንቋ አልተግባቡም። ሸጠችለትና ከሄደ በኋላ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ቅርጫቱ ያለ ክዳን ቀረ። እስከ ዛሬም አክስት አልጋ ሥር አለ፤ ክር ይቀመጥበታል።

ሰኞ ጠዋት ቅርጫቱ በአንሶላ ተጠቅልሎ ሙዚየም ገባ። ኃላፊው ጓንቱን አጥልቆ ክዳኑን ሊያነሳ ሲል አክስት እጁን ገለል አድርገው ራሳቸው አነሱት። ገልብጠው ቅርጫቱ ላይ አኖሩትና በመዳፋቸው ትንሽ አዞሩት። ገጠመ። ፀጉር የምታስገባ ክፍተት አልነበረችም። ኃላፊው ጓንቱን አውልቆ አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ሙዚየሙ የእሳቸው ሆነ፤ በሁለት ወር ዐሥራ አራት መግለጫ ተቀየረ። የማኅበሩ ሊቀመንበርም በእግሯ መጥታ የግራውን ስፌት እንዲያስተምሩ ለመነች። አንድ ሳምንት ብቻ አስጠብቀው እሺ አሏት፤ ይህም በእሳቸው ልክ ምሕረት ነው።

አዲሱን መግለጫ መዝጋቢዋ ጻፈችው። «ቅርጫት ከነክዳኑ» የሚለው ቀላል ነበር። «ሠሪ» የሚለው ጋ ስትደርስ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስንትና ስንት ዕቃ ስትመዘግብ፣ «ያልታወቀ» ብላ የምታልፈው ሰው የገዛ አያቷ ልትሆን እንደምትችል አንድም ቀን አስባ አታውቅም። የአያቷን ሙሉ ስም አሰፈረች።

በእሑዱ ጉብኝት ሰላሳ የሚሆን ሰው አዳራሹን ሞላው። መዝጋቢዋ ማንም ሳይጠይቃት ከቅርጫቱ አጠገብ ቆማ፣ «ይህን የሰፋችው አያቴ ናት» አለች። «እኒህ ደግሞ አክስቴ ናቸው።»

አክስት ዞረው ሰዉን ቃኙና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እንጂ» አሏት። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

እሷም ደገመችው፤ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድረስ።