መውደቅ የፈለግኩበት ሥልጠና

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ልንገራችሁ። ሐዋሳ ባለው የዶሮ ጥብስ ቤቴ ውስጥ ነኝ፤ ግን ቤቱ የኔ አይደለም። አስተናጋጄ ላሚሶ ከረባት አስሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ሽርጥ ታጥቄያለሁ። ደንበኞቹ ወጥ ቤት ገብተው ላባቸው ጠብ እስኪል ድንች ይጠብሳሉ። ዶሮዎቹማ ነጭ ካፖርት ለብሰው ከዋናው መሥሪያ ቤት ለቁጥጥር መጥተዋል፤ በየጠረጴዛው ሥር እየዞሩ ወለሉን ጫር ጫር ያደርጋሉ።

ላሚሶ ጠራኝና ሠራተኛ ሁሉ አሠሪውን በየጊዜው የማሠልጠን ግዴታ እንዳለበት፣ የኔም ጊዜ እንዳለፈ ነገረኝ። በእውኑ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የምንሠራው በአንድ ትልቅ ድርጅት ስም ስለሆነ፣ ሠራተኞቻችንን ሳናቋርጥ እንድናሠለጥን ውሉ ያስገድደናል። ያንን ሥራ ለዓመታት የሠራችው ባለቤቴ እቴነሽ ነበረች። ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

«አንተ ልጅ፣ አሠልጣኝህ ደርሳለች» አለኝ ላሚሶ። በእውን «ጋሼ» ነው የሚለኝ።

እቴነሽ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ በጓሮ በር ገባች። እንዴት መጣሽ አላልኳትም፤ ከጠየቅኳት የምትሄድ መሰለኝ። እሷ ግን እንደማታውቀው ሰው ሰላም አለችኝና ትምህርቱን ጀመረች። መጀመሪያ ሳህን አያያዝ፣ ቀጥሎ እንግዳ አቀባበል። ስሳሳት ክንዴን ይዛ ታስተካክለኛለች። እጇ ይሞቃል።

ድንገት ቤቱ ሐይቁ ላይ ሆነ። ጠረጴዛዎቹ ይንሳፈፋሉ፤ ዓሦች ከውሃው ብቅ እያሉ «ምን ልታዘዝ?» ይላሉ። ማንንም አልገረመውም። እቴነሽ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ተቀመጠችና አንድ ፈተና ብቻ እንደቀረ ነገረችኝ። ካለፍኩ ሥልጠናው ያበቃል፤ እሷም ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ትሄዳለች። ከወደቅኩ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ፈተናው አንዲት ዶሮ ተቀብሎ ማስተናገድ ነበር። ዶሮዋ መጥታ፣ መነጽሯን አስተካክላ ጠበቀችኝ። ወንበሩን ገለበጥኩት። ሳህኑን ሐይቁ ውስጥ ጣልኩት። ዶሮዋንም ምን ፈለግሽ ብዬ አመናጨቅኳት።

እቴነሽ ፈገግ አለች። ያኔ አወቀችኝ።

«ሽፌ፣ ሆን ብለህ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ሠራተኞቹንስ ማን ያስተምራቸዋል?»

«አንቺ።»

የሹራቧን እጅጌ ወደ ታች ሳበችው፤ ሥራ ስትጨርስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። ልይዛት እጄን ስዘረጋ ስልክ ጮኸ።

ነግቷል። የደወለው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ድምፁን አላውቀውም፣ አዲስ የተቀጠረ መሰለኝ። በትህትና ሰላም ብሎኝ የአሠልጣኞች ሥልጠና ሰኞ እንደሚጀመር ነገረኝ። በዝርዝሩ ላይ ያሉት የሐዋሳ ቅርንጫፍ አሠልጣኝ ወይዘሮ እቴነሽ መሆናቸውን ጠቅሶ ይመጡ እንደሆነ ጠየቀኝ።

አልጋው ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«ትንሽ ትቆይ ይሆናል እንጂ ትመጣለች» አልኩት።