ጭነቱ ደህና ነው

እንዴት ነህ ሲባል ቶሎ ብሎ «በጣም ደህና» የሚል ሰው ያስፈራኛል። ደህና ሰው እንዲህ አይልም። ደህና ሰው ወገቤን አመመኝ ይላል፣ ዝናቡ ቀረ ይላል፣ ጎረቤቱን ያማል። እስቲ እናንተስ ብትሆኑ? ስታማርሩ የምትውሉት ደህና ያደራችሁ ቀን አይደለም?

ይህን ያስተማረኝ አንድ ጨዋ ሰው ነው። ስሙን አልነገረኝም። ድምፁ ግን ማር የተቀባ ነበር።

የመጨረሻ ልጄ ጌታነህ ባሕር ዳር መሐንዲስነት ተምሮ፣ ሥራ ሲያጣ መርከብ ላይ ገባ። ሞተሩ ያለበት፣ ከታች፣ ከሙቀቱ ጋር ነው የሚውለው። ታች ጋይንት ተወልዶ ባሕር ላይ! እኔ መርከብ የማውቀው የኖኅን ነው። እሷ ላይ የነበሩት ሰዎችና እንስሳት እነማን እንደሆኑ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ስለ ጭነቷ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ምስር ስለቅም ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ሙሉ አጠገቤ ነበረች፤ አርብ ገበያ ከተማ አስተማሪ ናት። ጆሮዬ ስለ ደከመ ሁለታችንም እንድንሰማው ከፍ አደረገችው። ደዋዩ አዲስ አበባ ያለ የመርከቧ ባለቤቶች ወኪል ነው።

«እናቴ፣ ምንም የሚያስጨንቅ ነገር የለም» አለኝ። «መርከቧ ላይ መጠነኛ እሳት ተነሥቶ ነበር፤ ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው። ጭነቱ ደህና ነው።»

«ልጄስ?»

«ሠራተኞቹን በተመለከተ ተገቢው ክትትል እየተደረገ ነው።»

እኛ ጋ በቁጥጥር ሥር የሚውለው ሰው እንጂ እሳት አይደለም፤ ይሁን። ጌታነህ ይባላል አልኩት። ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው አልኩት። እሱ ሐሳባችንና ጸሎታችን ከቤተሰቦች ጋር ነው አለና ዘጋው። ጭነቱ ምን እንደነበር ኋላ ጠይቄያለሁ። የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ነው አሉኝ። እሱ ደህና ነው።

እንግዲህ እኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ሞተ ብሎ የሚጀምር የለም። ሟች መጀመሪያ ትንሽ ያመዋል። ከዚያ ይሻለዋል። በጣም ይሻለዋል። እየተሻለው፣ እየተሻለው፣ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ነጠላውን ዘቅዝቆ ደጅሽን ይሞላዋል፤ የተከበረው ሰው ይናገራል። እና የማያውቀኝ ሰው ከሩቅ ደውሎ ምንም አትጨነቂ ካለኝ፣ ምን ልበለው?

የሙሉ ፊት አመድ መሰለ። ትምህርት ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። ቅዳሜ ነበር።

የሄደችው ነፍስ አባቴ አባ ወልዴ ዘንድ ነው። ጌታነህ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወኪሉ ጋ ደወለች፤ ያንኑ እንደ ዳዊት ደገመላት። አባ ወልዴ ሌላውን ሁሉ ተጠራጥረው ነበር አሉ፤ የቆረጡት «ሐሳባችንና ጸሎታችን» ማለቱን ሲሰሙ ነው። ሰው ካልሞተበት የመርከብ ባለቤት ጸሎትን መቼ ያስታውሳል? አሉ።

ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ ዓይኔን ይሸሸኝ ጀመር። ገባኝ። መጠየቅ ግን ነውር ነው፤ እነሱም ሰዓታቸውን ይጠብቃሉ፣ እኔም እጠብቃለሁ። ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ። ልጄን ባደፈ ነጠላ አላለቅስም።

ጎሕ ሲቀድ መጡ። «እመይቴ፣ ይበርቱ» አሉኝ አባ ወልዴ። «የሰጠ ወሰደ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ያየ ያውቀዋል። ድንኳን ተተከለ። ፀጉሬን ተላጨሁ። አልቃሿ ባሕሩን እንደ ባላንጣ ሰው ሰደበችልኝ፤ አንጀቴ ትንሽ ራሰ።

በሠልስቱ ስልኬ ጮኸ። ሙሉ አነሣችው፣ ጮኸችና ጣለችው። ሳነሣው «እማ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» ይላል። ጌታነህ ነው።

ለካ እሳቱ እንደ ተነሣ የሁሉንም ስልክ ሰብስበውባቸዋል፣ ወሬ እንዳይወጣ። በመርከቧ ስም የሚናገረው አንድ አፍ ብቻ ነው አሉ፣ ያ ማር የተቀባው። ልጄ ቆሞ እየሄደ «አለሁ» ማለት ተከልክሎ፣ ባሕሩን አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ እሱ ያወራል። ወኪሎች ይህን ነው ሥራ ብለው የሚማሩት።

ድንኳኑ እልል አለ። የሚስቅም ነበር፤ እናንተም ሳቁ። እኔ ግን ጠየቅሁት።

«ማንም አልሞተም?»

አብሮት ሞተሩን ዘይት የሚያጠጣ ጓደኛው፣ የሩቅ አገር ሰው፣ ጭሱ አፍኖት እንደ ሞተ ነገረኝ።

«እናት አለችው?»

«አለችው። እሷም ተደውሎላታል፣ እማ። ምንም የሚያስጨንቅ ነገር የለም ተብላለች።»

ሰዉ ድንኳኑን ሊያፈርስ ካስማውን ሲነቅል ተዉት አልኩ። ለማን ብለን? አሉኝ አባ ወልዴ። «ለሷ» አልኩ። መርዶው የሳተው ስሙን ነው እንጂ ሞቱንስ አልሳተም። ያቺ ሴት አገሯን አላውቀውም፤ ምናልባት ምስሯን እየለቀመች፣ ልጄ ደህና ነው እያለች ተቀምጣለች። የሚያለቅስላት ተሰብስቦ ሳለ ይበተን? አባ ወልዴ ፍትሐት አይሆንም፣ ክርስትናውን አናውቅም አሉ። ቆመው ግን አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። እስኪመሽ አለቀስንለት።

ወኪሉ ኋላ ደውሎልኛል። እንኳን ደስ አለዎት አለኝ። ከመጀመሪያውም ደህና ነው ብለንዎት ነበር አለኝ።

«ልጄ፣ እናት አለችህ?» አልኩት።

«አለች፤ በጣም ደህና ናት።»

«ወዮልህ» አልኩት። «ቶሎ ሂድና እያት።»

ፀጉሬ አሁን አድጓል። ጌታነህንም ደህና ነኝ እንዳይለኝ በግዝት አስሬዋለሁ። ባለፈው ደውሎ ወጡ ጨው የለውም፣ አለቃው ክፉ ነው፣ ጥርሱን አሞታል እያለ ሲነጫነጭብኝ ቆየ። እኔም ያን ቀን ጥግብ ብዬ ተኛሁ።