የጌጡ ራም

ካርቶን ላይ የተጻፈውን የሚያምን ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ገና አልተጎዳም ማለት ነው።

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ላምበረት፣ ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የማየው ይህንኑ ነው። ዕቃው ላይ ትልቅ ቁጥር ይጻፋል፤ ዕቃው ግን ቁጥሩን አያውቀውም። ባለቤቱ ይናደዳል። እኔ አልናደድም። እኔስ ስወለድ ምን ተብዬ እንደተመረቅሁ ማን ያውቃል?

ባለፈው ክረምት ማርታ ኮምፒውተሯን በታክሲ ጭና፣ አባቷን አስከትላ መጣች። አባቷ ጌጡ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው። ማርታ ካራ ቤታቸው ቁጭ ብላ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሕንጻ ፕላን ትሠራለች። ቤቱ የሚኖረው በእሷ ሥራ ነው። ጌጡ ጀርባው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ባልዲ ውኃ እንኳ አያነሳም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ታመመ ማለት ቤቱ ታመመ ማለት ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። የያዘችውን ፕላን ሰኞ ጠዋት ካላስረከበች ሥራውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት ነግረዋታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ መሀል ላይ በራሱ ይጠፋል። የሠራችውንም ይዞ ይጠፋል።

ምን ነካሽው ብዬ ጠየቅኋት። መቼም ሰው ሁሉ ምንም አልነካሁም ነው የሚለው፤ ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው አሉ። ማርታ ግን አልደበቀችም። ራሙን፣ ማለት ኮምፒውተሩ የጀመረውን ሥራ እጁ ላይ የሚይዝበትን ነገር፣ የገዛችው በሦስት ሺህ ሁለት መቶ ፍጥነት ይሮጣል ተብላ ነው። ስታየው የሚሮጠው በሁለት ሺህ አራት መቶ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ልጅ ያሳየውን ተከትላ በግድ ከፍ አደረገችው። መጥፋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

"ጋሼ፣ የከፈልኩበትን ነው የፈለግሁት" አለችኝ። "ጥጋብ እንዳይመስልዎት።"

ከፈትኩት። ውስጡ ሁለት ራም አለ። አንዱ ላይ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ይላል። ሌላው ላይ ሁለት ሺህ አራት መቶ። ነገሩ ገባኝ። ሁለት ራም አብረው ሲሠሩ የሚሄዱት በዝግተኛው እርምጃ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሮቹ ተሳስረው እስኪጨርሱ አንበሳው የት ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቅ ግን የነገረን የለም።

ይቺን ደግሞ ማን ገዛት ልል አፌን ከፈትኩ። ማርታ በዓይኗ ወደ አባቷ ጠቆመችኝ። አፌን ዘጋሁ።

የገዛት ጌጡ ነው። ልጁ ራም አነሰኝ ስትል ሰምቶ፣ ለፋሲካ ያሰበውን በግ ሸጦ፣ መገናኛ ድረስ ወርዶ ገዝቶላታል። ይሉኝታ ቤት እንደሚያፈርስ ድሮም አውቅ ነበር። ኮምፒውተር እንደሚያዘገይ ያን ዕለት ተማርኩ።

እኔም ብሆን ለጌጡ ይህን የምናገርበት አፍ የለኝም። በወጣትነታችን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ አጣና እናወርድ ነበር። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ ነው የሚሸከሙት። የሚከፈለን ባወረድነው ልክ ነው። ያኔ ደረቴን አሞኝ ነበር። ምን እንደነበረ ብዙ አላወራም። ሌሎቹ ተሸካሚዎች ጌጡን፣ ይህን ሳላም ተወው፣ አንድ ቀን አጣናውን ጥለህ እሱን ነው የምትሸከመው ይሉታል። እኔ እየሰማሁ ነው የሚሉት። እሱ አይመልስም። እርምጃውን ያሳጥራል። ሳሌ ሲነሳ ደግሞ ቆም ይልና ጫማዬን ልሰር ይላል። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

በዚያ ዓመት ከሁለታችን በታች የበላ ተሸካሚ የለም። ጀርባው የተበላሸው እኔን ሲጠብቅ፣ ሸክም ትከሻው ላይ አጉል እየቆየበት ነው እያልኩ ኖሬአለሁ። ለእሱ ግን ተናግሬ አላውቅም።

እንግዲህ ይህን ሰው፣ የምትጎትተው ያንተዋ ናት ልበለው?

"አልተስማሙም" አልኩ።

"ማንና ማን?" አለ ጌጡ።

"ራሞቹ።"

አንገቱን አስግጎ የተከፈተውን ኮምፒውተር አየ። "የኔዋ ናት አይደል?"

"እሱማ ጌጡ፣ ነገሩ..."

"የኔዋ ናት። ስትዋሽ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ። አውጣት። ጎታች ይዞ መሄድ ምን እንደሆነ እኔን ነው የምታስተምረኝ?" ብሎ ሳቀ።

ማርታ "አባዬ፣ ተው እንጂ" አለችው። እኔ አልሳቅሁም።

አወጣኋትና መሳቢያ ውስጥ ጣልኳት። በማርታ ራም ብቻ አስነሳሁት። ፕላኑ አልከፈትም አለ። ሕንጻው ትልቅ ነው፤ አንድ ራም አይችለውም። የፍጥነቱን ቁጥር ልይ እንኳ አላልኩም፤ ደንግጬ የጌጡን መለስኩ። በግድ የተጨመረውንም ፍጥነት አወረድኩ። ፕላኑ ተከፈተ። እያዘገመ፣ ግን ተከፈተ። መጥፋቱንም ተወ።

ማርታ ሁለቱን ቀን ከወንበሯ አልተነሳችም አሉ። ሰኞ ጠዋት አስረከበች። ሥራው ደህና ነው፣ ለወደፊቱ ግን ፈጠን በይ ብለው ጻፉላት። ቀጣዩን ሥራም ሰጧት። እሷ የያዘችው ፈጠን በይ የሚለውን ነው። ደመወዟን እንዳገኘች ሁለት አዳዲስ መንትያ ራሞች ገዝታ መጣች። ለአባዬ እንዳይነግሩት ብላ ለመነችኝ። ነገሩ ሳያልቅ አባዬ ራሱ ከበሩ ብቅ አለ። የካራ ታክሲ የሚቆመው እኔ ደጅ ነው፤ ምን ይደረግ?

"ቀጥሉ፣ ቀጥሉ" አለ ጌጡ ካርቶኖቹን አይቶ። "በኔ ምክንያት አትጎተቱ።" ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

መንትዮቹን ሰካሁ። የጌጡ ራም እንደገና መሳቢያ ገባች፤ የማርታም የቀድሞው አብሯት። አስነሳሁና ቁጥሩን አየሁ። ሁለት ሺህ አራት መቶ። አጥፍቼ አስነሳሁ። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው ነው።

ማዘርቦርዱን፣ ማለት ሁሉም የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ያን ጊዜ ነው የመረመርኩት። አሮጌ ነው። ከሁለት ሺህ አራት መቶ በላይ ማንንም አያስሮጥም። ፈጣንም ስካበት፣ ዘገምተኛም ስካበት፣ ለእሱ አንድ ነው። መጀመሪያ መታየት የነበረበት እሱ ነበር። ግን ጥፋተኛ እጃችን ላይ እያለ መንገዱን ማን ይመረምራል? የእንጦጦ ቁልቁለትም ያኔ ጭቃ ነበር። ጤነኞቹም ከነአጣናቸው ይወድቁ ነበር። ይህን ነገር እስከዚያ ዕለት አስቤው አላውቅም።

ጌጡ ነገሩን ሲሰማ ሌላ ሰው ሆነ። ሲከሰስ ጭምት ነበር፤ ነጻ ሲወጣ አልቻልነውም።

"ስሟ ጠፍቶ ነው የከረመችው" አለ። "ቦታዋ ይመለስላት።"

"አባዬ፣ መሰኪያው ሁለት ብቻ ነው።"

"እሱን አስቀድሞ የፈረደባት ያስብበት" ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ማርታ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። በመጨረሻ ከመንትዮቹ አንዱን ነቀልኩና የጌጡን መለስኩ። ፍጥነቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ጌጡ ቀና ብሎ፣ ጀርባው የፈቀደለትን ያህል ማለቴ ነው፣ ልጁን አስከትሎ ወጣ።

የነቀልኩት አዲስ ራም ያጠፋው ነገር የለም። የታሸገበት ላስቲክ ገና መላጡ ነበር። መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። አንዱ እስረኛ በነጻ ሲለቀቅ የታሰረበት ቦታ ባዶ ይቅር የሚል አገር እስካሁን አላየሁም።